ክረምት መቼ ነው

አጥናፉ ሲናደድ ማየት የፈለገ ሰው አንዲት ጥያቄ ትበቃው ነበር። በእስራኤል አገር፣ በቂርያት መናሔም ሰፈር የሽማግሎች ክበብ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ "አጥናፉ፣ ለመሆኑ ክረምት መቼ ነው?" ማለት ብቻ ነው።

"ሐምሌና ነሐሴ ነዋ!" ይላል ከዘራውን ወለሉ ላይ እየመታ። "መቼ ሊሆን ኖሯል?"

ገረመው የሚባል የልብ ጓደኛ አለው። አብረው ያደጉ፣ አብረው የመጡ፣ ሲጣሉ ውለው አብረው አውቶቡስ የሚሳፈሩ። እሱ በጄ አይልም። "አንተ ሰው፣ እስቲ ውጭውን እየው። ሐምሌ ነው፤ ድንጋዩ ይፋጃል፤ ሰማዩ ላይ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም። ክረምት ማለት ዝናብ ነው። እዚህ አገር የሚዘንበው በታኅሣሥና በጥር ነው። እንግዲህ ክረምት ታኅሣሥ ነው፣ አለቀ።"

"ዝናቡ መንገድ ቢሳሳት ወሩ ምን አጠፋ?"

ቤቱ በሳቅ ይታወካል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሁሉም ቃሉን ቀይረውታል። አስተርጓሚው፣ የጤና ጣቢያው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጡ "ሖሬፍ" ባለ ቁጥር ክረምት እያሉ፣ ክረምት ካፖርት የሚለበስበትና ማሞቂያ የሚበራበት ወር ሆኖ ቀረ። የገዛ ልጁ እንኳ እንደዚያው ነው የምትለው። አጥናፉ ብቻ አልተነቃነቀም። ማስረጃም ነበረው። እሱ አትክልተኛ ነው፤ ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና፣ ሽሎሚት የምትባል አሮጊት ቤት ግቢውን ይይዝላታል። ግቢው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ጋር ግንብ ይጋራል። አጥናፉ የቤተ እስራኤል ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይረግጥም፤ በግንቡ ላይ ተሻግሮ የሚመጣውን ዜማ ግን ጆሮው አይከለክልም። በሐምሌ ሐሩር፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን፣ መነኮሳቱ ዘመነ ክረምት ብለው ሲያዜሙ ይሰማል። "ሂዱና ጠይቋቸው!" ይላል። "እነሱ እንኳ ወሩን አልሸጡም!"

አይ አጥናፉ! ያን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ቢሸነፍ ምን ነበረበት።

በዚያ ግቢ፣ ከአሮጌው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ፣ በትልቅ የወይራ ዘይት ቆርቆሮ የተከለው አንድ የጅብ ሽንኩርት ነበረው። የጅብ ሽንኩርት በጎንደር ዳገት ሁሉ የሚበቅል የዱር ነገር ነው፤ ከብት አይበላው፣ ሰው አይፈልገው። ይኼኛው ግን ከእናቱ ከተናኜ መቃብር ራስጌ የተቆፈረ ነው። ተናኜ፣ ወደዚህ አገር የሚመጡበትን ተራ ጎንደር ሆነው ሲጠብቁ ሞተች። አጥናፉ ተራው ደርሶ ከነልጁ ሲነሣ፣ ታናሽ እህቱ ይርጋለም "ስምሽ ዝርዝሩ ላይ የለም" ተብላ ቀረች። ሽንኩርቱን በካልሲ ጠቅልሎ ተሳፈረ። ይህ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። በአምስተኛው ዓመት ይርጋለም ደውላ፣ "ወንድምዓለም፣ መቃብሩን ዶዘር ጠረገው፣ አስፋልት ሆኗል" ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሽንኩርት ሽንኩርት መሆኑ ቀረ። "አታልቅሺ" አላት። "እማማ እኔ ዘንድ ናት። ስትመጪ ታገኛታለሽ።"

እማማ ግን በዋዛ አይደለም እዚህ የኖረችው። መጀመሪያ መጀመሪያ እሷም እንደ ልጇ ነበረች፤ ክረምት ሐምሌ ነው ብላ ድርቅ አለች። በሐምሌ ቅጠል አወጣች፣ ፀሐይ ጠበሰቻት። በሁለተኛው ዓመት ቅጠሏ ጠበበ። በሦስተኛው አንዲት ጭራ የመሰለች ነገር ብቻ ብቅ አለች፤ የሰው ቡጢ ያህል የነበረው ሽንኩርት የነጭ ሽንኩርት ፍንካች አከለ። አጥናፉ ደንግጦ ውሃ ሲያበዛላት ባሰባት። በአራተኛው ዓመት ሐምሌ ገብቶ ነሐሴ ሲወጣ ምንም አልታየም። ሞተች ብሎ ተወ፤ ቆርቆሮውን መድፋት ግን እጁ እምቢ አለው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ፣ ዝናቡ በጣለ በሳምንቱ፣ አንዲት አረንጓዴ ምላስ አፈሩን ሰንጥቃ ወጣች።

አፈሩን ገለጥ አድርጎ ቢያይ ሽንኩርቷ ከተከለበት ቦታ በአንድ ጣት ወደ ታች ወርዳለች። ሥሮቿ እንደ ገመድ ተኮማትረው፣ ከሙቀቱ ሊያሸሿት፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየሳቡ አውርደዋት ኖሯል። "ወይ ጉድ! ራሷን ቀበረች እኮ!" ብሎ ጮኸ፤ ሽሎሚት ሰው የሞተ መስሏት በመስኮት ብቅ አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠባይዋን አወቀ። በጋው ሲከር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጭልጥ ብላ ትተኛለች። ጥቅምት ሲጠባ፣ አንድም ቅጠል ሳትይዝ፣ ረጅም ዘንግ ሰዳ ነጭ አበባ ታብባለች። ዝናቡ ሲመጣ ቅጠሏን ትዘረጋለች። ሽሎሚትም "ይሄማ ሐፃብ የምንለው የእኛ የዱር ሽንኩርት ዘመድ ነው፤ መንገድ ዳር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለችው። ሕጓ አንድ ብቻ ነው፦ በተኛችበት ውሃ አይነካትም። አንድ ዓመት ልጅ አፍርታ ነበር። አጥናፉ ለይቶ በሌላ ጣሳ ተከለውና በነሐሴ አሳዝኖት አጠጣው፤ በሁለት ሳምንት የበሰበሰ ድንች ሆኖ ሸተተው። የሞቀ አፈርና ውሃ ለተኛ ሽንኩርት መርዝ መሆኑን ያን ጊዜ ተማረ።

ይህን ለሰው ሁሉ ያወራል። "አያችሁ? አገሩን አጥንታ ክረምቷን አዛወረች!" ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። የራሱን ክረምት ግን ካስቀመጠበት አላነሣም። ገረመው ይህን አንስቶ "ከሽንኩርት አነስክ" ሲለው ከዘራው ተሰነዘረች።

ባለፈው ሰኔ ከጎንደር ስልክ ተደወለ። ይርጋለም ተፈቅዶላታል፤ በጥቅምት ትመጣለች። አጥናፉ ስልኩን ዘግቶ እንደ ልጅ እያለቀሰ ወሮቹን በጣቱ ቆጠረ። ጥቅምት! ልክ አበባው በሚወጣበት። መልሶ ደውሎ "እማማ አበባ ይዛ ትቀበልሻለች" አላት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሐምሌ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ግቢው ውስጥ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ፣ መሬቱ ከሥሩ ተንሸራተተበት። ሽሎሚት ናት አምቡላንስ የጠራችው። ሆስፒታል ሲደርስ ቀኝ ጎኑ ደንዝዟል፤ ምላሱ ከበድ ብትለውም ትናገር ነበር። ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጁ ትርሲት ከታልፒዮት ከሱቅ ሥራዋ፣ የሥራ ሸሚዟን እንደለበሰች፣ እየሮጠች መጣች። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፤ እናቷ ሰሜን ስለምትሠራ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖር። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አይገባትም። ፍቅሯ ግን ሞልቶ የሚፈስ ነው።

"አባባ፣ ምን ላምጣልህ?"

"ለእኔ ምንም። እማማን አደራ" አላት። "ክረምቱን ሙሉ ውሃ እንዳታስነኪያት። ተኝታለች። ሰማሽኝ? ክረምቱን ሙሉ፣ ጠብታ እንዳይነካት።"

"በክረምት ውሃ የለም" አለች ትርሲት፣ ጣቷን እየቆጠረች እንደምትሸመድድ ተማሪ። "ባሴደር፣ እሺ አባባ። አደራ።"

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ? በማግሥቱ ጠዋት ሲነቃ ምላሱ ተቆልፋ ነበር። ሊጠራው የፈለገው ነገር ሁሉ፣ ስምም፣ ቁጥርም፣ ጸሎትም፣ በሩ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ብዕር ቢያስይዙት ፊደሉም አብሮ ጠፍቷል። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ሐኪሙ እንዲህ ያጋጥማል አለ፤ ሰው ሌላው ነገር ሁሉ ጠፍቶት አንድ ቃል ይቀርለታል፣ ለምን ያቺ እንደሆነች ማንም አያውቅም። አጥናፉ ውሃ ሊል ሲል "ክረምት" ይላል። አመመኝ ሊል ሲል "ክረምት"። እግዚአብሔር ሆይ ሊል ሲል "ክረምት"።

ሶፊያ የምትባል ነርስ፣ ከሩሲያ የመጣች ደግ ሴት፣ "ምንድን ነው የሚለው?" ብላ ትርሲትን ጠየቀቻት።

"ሖሬፍ ነው የሚለው።"

"ውይ፣ በርዶት ነው!" አለች ሶፊያ። ማቀዝቀዣውን አጥፍታ በሐምሌ ወፍራም ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ጎተተችለት። አጥናፉ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ "ክረምት!" ብሎ ጮኸ። ሶፊያም ሁለተኛ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆነ፤ ቃሏን በሰማች ቁጥር ብርድ ልብስ ይዛ ትመጣለች።

በሳምንቱ ትርሲት ስትመጣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ደኅነኛውን እጁን ያዘች።

"አባባ፣ እማማን አየኋት። በጣም ደረቅ ናት! ቅጠል የለም፣ ምንም የለም። ሚስኬና፣ ታሳዝናለች! ግን አትፍራ፣ ውሃ ሰጠኋት። በየቀኑ እሄዳለሁ። ከሥራ በፊት፣ ሽሎሚት ሳትነሣ፣ ሁለት አውቶቡስ።"

ለአጥናፉ በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ታየው፤ የነገራት ቃል፣ የሰማችው ቃል፣ በሁለቱ መካከል ያለው አምስት ወር። "ክረምት!" አለ ራሱን ከትራሱ እያነሣ። "ክረምት! ክረምት!"

"አዎ አዎ፣ አልረሳሁም" አለች ግንባሩን እየደባበሰች። "በክረምት ውሃ የለም። እማዬንም ጠየቅኋት፤ ክረምት ሖሬፍ ነው አለችኝ። ገና ሩቅ ነው፣ አባባ። አሁን ካይትስ ነው፣ ሙቀት ነው። አሁን ትጠጣለች።"

የጠርሙሱን ውሃ አንስታ በብርጭቆ ሰጠችው። አጥናፉ በግራ እጁ ብርጭቆውን ገፋ። ራሱን ነቀነቀ፤ ውሃውን አሳያት፣ እሷን አሳያት፣ አይሆንም አለ በእጁ። ብርጭቆው አልጋው ላይ ፈሰሰ። ትርሲት ደነገጠች። "አይጠጣም! ውሃ እምቢ አለ!" ብላ ሶፊያን ጠራች፤ ሐኪሙም መጥቶ እንዳይደርቅ ክንዱ ላይ መርፌ አስገቡና ውሃውን ከላይ ሰቀሉለት። አጥናፉ ጠብ ጠብ የሚለውን እያየ ተኛ። እሱንም እማማንም ያለ ፈቃዳቸው ያጠጧቸው ጀመር፤ ከመውደድ የተነሣ።

አሁን ማንን ይቆጣል? ልጅቱ በዚያ ሐሩር ከታልፒዮት በፊት ኢትዮጵያ መንገድ ድረስ ትንከራተታለች። የሰው ልጅ የተሰጠውን አደራ ከዚህ በላይ ምን አድርጎ ይጠብቅ? ደግሞ ባለጌ ብትሆን፣ ሰነፍ ብትሆን፣ እንደ ሌላው ወጣት "ሄጃለሁ" ብላ ብትዋሽ፣ እማማ በሰላም ተኝታ ትከርም ነበር። እህህ! አጥናፉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያች ልጅ ውሸታም በሆነች ብሎ ተመኘ።

አንድ ተስፋ ነበረው። ቆርቆሮውን ሥሩ ላይ ራሱ በምስማር በስቶታል፤ ውሃው ገብቶ ይወጣ ይሆናል። ይህን ይዞ አምስት ቀን እፎይ አለ። በስድስተኛው ቀን ትርሲት መጥታ፣ "አባባ፣ ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው፣ ውሃው ይፈሳል" አለችው። "ግን ጎበዝ ነኝ። ከሥሩ ትልቅ ሰሐን አስቀመጥኩ። አሁን ውሃው አይሄድም፣ እዚያው ይቀመጣል።"

አጥናፉ ዓይኑን ጨፈነ።

በነሐሴ መባቻ ገረመው መጣ። ትርሲት ወደ ሥራዋ ከወጣች ገና አሥር ደቂቃ አልሞላትም። ገረመው በሩ ላይ ቆሞ ጓደኛውን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። እንዳያለቅስ ብሎ ጨዋታ ፈለገ፤ እንግዲህ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ የሚያውቀው ጨዋታ አንድ ነው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ክረምት መቼ ነው?" አለው።

"ክረምት!" አለ አጥናፉ። ወደ በሩ ጠቆመ። "ክረምት! ክረምት!" እንባው በጉንጩ ወረደ።

"እሺ፣ እሺ ወንድሜ፣ ይቅርብህ" አለ ገረመው፣ እሱም እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። "አሸነፍኸኝ። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። አሁን ነው ክረምት፣ እንዳልከው። በል በቃ፣ ረትተኸኛል።"

ወይ ጊዜ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊሰማው የለፋለትን ቃል ሰማ፤ መስማት የሚገባት ልጅ ግን አውቶቡስ ላይ ነበረች። አጥናፉ የገረመውን እጅጌ ጨምድዶ ወደ በሩ ጎተተው። ገረመው ስንብት መሰለው። ግንባሩን ሳመው፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ሄደ። ሶፊያም ብርድ ልብሷን ይዛ ገባች።

ከዚያ በኋላ አጥናፉ አልታገለም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱን እያየ ይውላል። በሐሳቡ ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል፤ የሞቀው አፈር፣ የማይወርደው ውሃ፣ መጀመሪያ የሚለሰልሰው ታችኛው ሥር። ያች ሥር ስንት ዓመት ስባ ያወረደቻት! ከፀሐዩ ሸሽታ፣ ራሷን ቀብራ፣ የወሩን ስም ሁሉ ረስታ የኖረች ሽንኩርት በአንዲት ቃል ተገደለች። ቃሏ ደግሞ የማን ናት? የእሱ ናት። ሁሉም ቀይሮት፣ ሽንኩርት እንኳ ቀይሮት፣ እሱ ብቻ የያዛት ቃል ናት። "ካይትስ" የሚያህል ነገር ጠፍቶት ነው? ያንን ዕብራይስጥ ሠላሳ ጊዜ በቀን ሲሰማው አልኖረም? ለልጅቱ በምታውቀው ቋንቋ አንዴ ቢነግራት ኖሮ!

ጥቅምት ጠባ። በዓሉ ሁሉ አለፈ፣ ሰማዩ ግን ገና ጠብ አላደረገም። ትርሲት ያለፉትን ሦስት ሳምንታት መሳቅ ትታለች። "አልወጣችም፣ አባባ" ትለዋለች። "ምናልባት ነገ።" አንድ ማክሰኞ ከቀኑ በአምስት ሰዓት በሩ ተከፈተና ትርሲት ቆርቆሮውን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። ከኋላዋ ነጠላዋን ያጣፋች፣ የከሳች፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። ይርጋለም ናት። አጥናፉ ጥሏት ሲመጣ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር።

"ወንድምዓለሜ!" ብላ ደረቱ ላይ ወደቀች። ለብዙ ጊዜ ተላቀሱ። እሱም በግራ እጁ ጀርባዋን እየመታ፣ "ክረምት፣ ክረምት" ይላል፤ እሷም የሚለው እንደገባት ሁሉ "አዎን ወንድምዓለም፣ አዎን" ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች።

"የታለች እማማ? አበባ ይዛ ትቀበልሻለች ብለኸኝ አልነበር?"

ትርሲት ቆርቆሮውን ወንበር ላይ አስቀመጠች። አንገቷን ደፍታለች። ይርጋለም ጠጋ ብላ አየች፤ ጭቃ ብቻ። ጣቷን አስገባች። ሽታው ክፍሉን ሞላው። የያዘችውን ስታወጣ በመዳፏ ላይ ቡኒ ልፋጭ ሆኖ ፈሰሰ፤ አንድ የደረቀ ሽፋን ብቻ ጣቷ ላይ ቀረ።

"ውሃ በልቷታል" አለች ይርጋለም ቀስ ብላ። "ልጄ፣ መቼ መቼ ነው ያጠጣሻት?"

"በየቀኑ" አለች ትርሲት። "አንድ ቀን አልቀረሁም። አባባ በክረምት አታጠጪ አለኝ። ክረምት ገና አልመጣም።"

ይርጋለም ግር ብሏት አየቻት። ከመጣች ገና ሁለት ቀኗ ነው፤ የክበቡን ክርክር አልሰማች፣ የዚህን አገር ዝናብ አላየች። "ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ክረምትማ ካለፈ ሰነበተ እኮ" አለች። "ሐምሌና ነሐሴ አይደለም እንዴ ክረምት? አሁን ጥቅምት ነው።"

"ሐምሌ… ዩሊ?"

"እኔ ዩሊ አላውቅም። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ። ወንድሜ የታመመ ጊዜ።"

ትርሲት ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ ኮረብታው እንደ ነደደ ደርቋል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። ያን ቀን ምን እንዳላት፣ እሱ ክረምት ክረምት እያለ ሲጮህ ምን እንደመለሰችለት፣ ብርጭቆውን ሲገፋ ምን እንዳደረገች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አገኘችው። ከዚያ ፊቷን ወደ አያቷ መለሰች። ፊቷን ማየት አልቻለም፤ ማየቱን መተውም አልቻለም።

የኔ ልጅ፣ ሊላት ፈለገ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ? የነገርኩሽን ነው ያደረግሽ። አደራዬን እንዳንቺ የጠበቀልኝ ሰው የለም። ሽንኩርት ነበረች፣ ሽንኩርት ናት፤ ይርጋለም መጥታለች፣ አንቺም አለሽ፣ ይበቃኛል። ይህን ሁሉ በደረቱ ሰበሰበው። በሕይወቱ እንዲህ አጥብቆ ሊናገር የፈለገው ነገር አልነበረም። ከንፈሩን አላቀቀ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ዓይኗን እያየ ተናገረ።

"ክረምት" አለ።

ትርሲት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሶፊያ ቃሏን ከኮሪደሩ ሰምታ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። ዘርግታ ልታለብሰው ስትል ትርሲት ከወለሉ ተነሥታ ጨርቁን ከእጇ ያዘችው።

"አልበረደውም" አለቻት በዕብራይስጥ፣ እንባዋ እየወረደ። "አንድም ቀን በርዶት አያውቅም።"